ሥራ ሲጠፋ ወንዱ ባጃጅ ላይ፣ ሴቷ ምጣድ ላይ፦ የደብረ ማርቆስ ተሞክሮዬ

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የተመረቅሁት በሒሳብ አያያዝ ሲሆን አሁን የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶችና ለየቤቱ በማስረከብ ነው። ይህን የምጽፈው ሥራ አጥታችሁ ወይም ከሥራ ወጥታችሁ «የራሴን ልጀምር ይሆን?» እያላችሁ ለምታስቡ ነው፤ በተለይ ለሴቶች። «ሥራ ፍጠሩ» የሚለው ምክር ለወንዱም ለሴቷም በአንድ ዓይነት ነው የሚነገረው። መሬት ላይ ያለው ነገር ግን ለሁለቱ አንድ አይደለም።

በቤታችንም በሰፈራችንም ያየሁት ይህ ነው። ወንዶቹ ወደ ግል ሥራ የሚገቡት ባብዛኛው ቅጥር ሲጠፋ ነው፤ ግንባታ ሲቆም፣ የቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ። ቅጥሩ ሲመለስ ብዙዎቹ ትተውት ይሄዳሉ። ሴቶቹ ግን ቅጥር እያለም ይገባሉ፤ ቅጥሩ ለእነሱ ስለማይሆን። ልጅ ሲወለድ ይገባሉ። የባል ገቢ ሲቀንስ ይገባሉ። ትዳር ሲፈርስ ይገባሉ። ገበያው ቢሻሻልም አይወጡም፣ የሚመለሱበት ቦታ የለማ። ይህን ልዩነት ሳያዩ የሚጀመር ሥራ ብዙ ያደክማል። ለምን እንደሆነ ከራሴ ተነስቼ ላስረዳ።

ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ስፈልግ ቆየሁ። የመንግሥት ማስታወቂያ ሲወጣ ለአንድ ቦታ የሚመዘገበው ሰው ብዛት ያስደነግጣል። ወደ ግል ድርጅቶች ስሄድ ደግሞ ቃለ መጠይቁ ላይ «አግብተሻል?»፣ «ልጅ አለሽ?» ይሉኝ ነበር። አብሮኝ የተፈተነ የክፍል ጓደኛዬን የጠየቁት ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም መቻሉን ነው። ስለ ሚስትና ስለ ልጅ ማንም አላነሳበትም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። ሕጉ መልካም ነው፣ እንዲኖርም እፈልጋለሁ። ችግሩ ክፍያው ሙሉ በሙሉ አሠሪው ላይ መውደቁ ነው። ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ብቻ ያለው ሰው ይህን ሲያሰላ ወጣት ሴት መቅጠር ይፈራል። ባይናገረውም ያደርገዋል።

በመጨረሻ አንድ የግል ድርጅት በገንዘብ ያዥነት ቀጠረኝ። ኮንትራቱ እየታደሰ የሚሄድ ዓይነት ነበር። እርግዝናዬ መታየት ሲጀምር ግን ሳይታደስ ቀረ። «ሥራ ቀዝቅዟል» አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ በቦታዬ ሌላ ሰው ተቀምጦ አየሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እዚህ አልዘረዝርም። ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ አይደለም። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2010 ዓ.ም. በከተሞች ባካሄደው ጥናት የሴቶች ሥራ አጥነት 26 በመቶ ገደማ ነበር። የወንዶቹ 12 በመቶ ገደማ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሳምንቱ ውስጥ ጉልት ላይ ለተወሰነ ሰዓት ቲማቲም የሸጠች ሴት በእንዲህ ያለ ጥናት ሥራ ካላቸው ጋር ነው የምትቆጠረው። ስለዚህ ቀሪው መቶኛ በሙሉ ኑሮው ተስተካክሏል ማለት አይደለም።

የገጠሩን ነገር ካላነሳሁ የከተማው አይገባም። እናቴ ጎዛምን ውስጥ ገበሬ ናት። አባቴ ካረፈ በኋላ መሬቱ በእሷ እጅ ነው። የይዞታ ደብተሩ ላይ ከመጀመሪያውም የሁለቱም ስምና ፎቶ ስለነበረ ማንም ገፍቶ አላስወጣትም። የአማራ ክልል ደብተር መስጠት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ጎዛምንም መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነበር። ለእናቴ ይህ ትልቅ ነገር ሆኖላታል።

ግን መሬቱ ቢኖራትም አታርሰውም። በእኛ አገር ሴት ዕርፍ አትጨብጥም። የከለከላት ሕግ የለም፣ ልማዱ ነው። አረሟን ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፣ በሬ ጠምዳ ግን አታርስም። ስለዚህ መሬቷን የእኩል ትሰጣለች፤ ግማሹ ምርት ለአራሹ ይሄዳል። የቀረው ዓመቱን አያደርስም። ጉድለቱን የምትሞላው በጠላ፣ በእንቁላልና ጥጥ በመፍተል ነው። ይህን ማንም «የግል ሥራ» ብሎ አይጠራውም። የእናቴ ቤት ግን የቆመው በዚህ ነው። ባል የሌላት የገጠር ሴት ከተማ ገብታ አረቄ ወይም ጠላ ስትሸጥ ስታዩ፣ ከጀርባዋ ብዙ ጊዜ ያለው ይህ የዕርፍ ነገር ነው።

ወንዶቹን የገፋው ሌላ ነው። በክልላችን በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ለዐቅመ አዳም የደረሰ ወጣት ከወላጁ ካልተካፈለ በቀር መሬት የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ ይሄዳል። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ይወርድ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ ያ መንገድ ተናጋ። አዲስ አበባ ሄዶ ሎተሪ የሚያዞር፣ ጫማ የሚጠርግ፣ ሲሚንቶ የሚሸከምም ብዙ ነው። ወጣት ሴቶቹ ደግሞ ለቤት ሠራተኝነት ወይ ከተማ ይገባሉ፣ ወይ ዐረብ አገር ይሄዳሉ።

ታላቅ ወንድሜ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለት ክረምት ሁመራ ወርዶ መጣ። ከዚያ ግንበኝነት ለመደና ጥሩ እጅ አወጣ። ካፖዎቹ፣ ማለትም የግንባታ ሠራተኛ ተቆጣጣሪዎቹ፣ ስሙን ያውቁት ስለነበር ጠዋት ቆሞ ሥራ መለመን ቀርቶለት ነበር። የሲሚንቶ ዋጋ አልቀመስ ሲል ግን የግለሰብ ቤት ግንባታው ሁሉ ባለበት ቆመ። ግማሽ ግድግዳ ይዘው የቀሩ ቤቶች ሰፈሩን ሞሉት። እሱም የሰው ባጃጅ ይዞ መንዳት ጀመረ። የቀኑን ገቢ ለባጃጁ ባለቤት ያስገባል፣ ነዳጁን ራሱ ይችላል፣ የቀረው የእሱ ነው።

እሱ ባጃጅ ላይ በወጣበት ሰሞን ባጃጅ ላይ ያልወጣ ግንበኛ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። ቀለም ቀቢው፣ ፌሮ አሳሪው፣ አናጢው ሁሉ እዚያው ነበር። ባጃጁ በዛ፣ ተሳፋሪው ግን ያው ነው። እንዲያውም ቀንሷል፣ ሥራ የፈታ ሰው በእግሩ ይሄዳላ። ወንድሜ ከንጋት እስከ ማታ ነድቶ የባለቤቱን ገቢ ከሞላ በኋላ የሚተርፈው እያነሰ ሄደ።

የእኔም ሰፈር ላይ የሆነው ይኸው ነው። ልጄ ትንሽ ጠንከር ሲል መጋገር ስጀምር በመንገዳችን እንጀራ የሚሸጡት ጥቂት ሴቶች ነበሩ። ግንባታው በቆመበት ዓመት የግንበኞቹና የቀን ሠራተኞቹ ሚስቶች አንድ በአንድ ምጣድ ጣዱ። ማንም አልመከራቸውም፣ ማንም አላደራጃቸውም። የባል ገቢ ሲቀር ሴት ያላትን ይዛ ነው የምትወጣው። ያላት ምጣድ ነው። በየበሩ «እንጀራ አለ» የሚል ካርቶን ተንጠለጠለ።

ለምን ሁላችንም ምጣድ? ይህን ጥያቄ ብዙ አስቤበታለሁ። አንደኛ፣ መነሻ ገንዘቡ ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ሙያው ከልጅነታችን ጀምሮ እጃችን ላይ አለ። ሦስተኛ፣ ቤት ሆነን ልጅ እያየን ልንሠራው እንችላለን። ከሁሉም የሚጫነው ሦስተኛው ይመስለኛል። ብረት ብየዳ ወይም ሞባይል ጥገና ከእንጀራ የተሻለ ያስገኛል። ግን ሱቅ ይፈልጋል፣ ከቤት መውጣት ይፈልጋል፣ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጋል። አሠልጣኙ ወንድ ነው፣ ሠልጣኙም ወንድ ነው። ስለዚህ ሥራ ሲጠፋ ወንዱ የሚበተንባቸው ሙያዎች ብዙ ናቸው። እኛ ግን ጠላ፣ አረቄ፣ እንጀራ፣ ጉልት፣ ሹሩባና ባልትና ላይ ነን። ብዙ ሰው በጠባብ በር ሲገባ የሚተርፈው ያንሳል።

ጤፍ ሲወደድ ዋጋ እንዳንጨምር የሚያደርገንም ይኸው ነው። አንዷ ስትጨምር ደንበኛው ሁለት በር አልፎ ከሌላዋ ይገዛል። ያቺ ሌላዋ እየከሰረች ነው። ግን የራሷን ድካም ስለማትቆጥር መክሰሯን አታውቅም።

ስለ ድካም ሒሳብ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ሙያዬም ስለሆነ። ብዙ እህቶች ወጪ ብለው የሚጽፉት ጤፉን፣ የወፍጮውን፣ መብራቱን ወይም እንጨቱን ነው። ከሽያጩ ቀንሰው የተረፈውን «ትርፍ» ይሉታል። ይህ ትርፍ አይደለም፣ ደመወዛቸው ነው። እኔ ደብተሬ ላይ የራሴን የቀን ሒሳብ እንደ ወጪ እጽፋለሁ። ቁጥሩን የምወስደው ሆቴል ውስጥ ለምትጋግር ሴት በቀን ስንት እንደሚከፈል ጠይቄ ነው። ከዚያ በኋላ የተረፈ ካለ እሱ ትርፍ ይባላል። ከሌለ ወይ ዋጋውን፣ ወይ ደንበኛውን፣ ወይ ሥራውን መቀየር አለብኝ ማለት ነው።

ከቅጥር ጋር ስታወዳድሩ ደግሞ ደመወዙን ብቻ አትዩ። በጡረታ የተመዘገበ ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥበት አሠሪው በላዩ 11 በመቶ ይጨምርለታል። የዓመት ፈቃድ አለው፣ ሲታመም ይከፈለዋል። እኔ ስታመም ምጣዱ ይቀዘቅዛል፣ ሌላ የለም። በዚህ ምክንያት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር አውጥተናል። እናንተም አውጡ፣ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ነው የተዘጋጀው። በ2003 ዓ.ም. ሙከራው ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጎጃም፣ ደቡብ አቸፈር ነበር።

ቅጥሩ ሁልጊዜ ይሻላል ማለቴም አይደለም። ባሕር ዳር ልብስ ስፌት ፋብሪካ የገባች የአጎቴ ልጅ አለችኝ። እዚያ አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነው፣ በዚህ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን በምታገኘው ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍላ መብላት አልቻለችም። አዋጅ 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። እሷ በሠራችበት ጊዜ ግን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ወለል አልነበረም። ተመልሳ መጣች፣ አሁን ጉልት ላይ ናት። እሷን «ሥራ ፈጣሪ» ብሎ ማሞገስ ይከብደኛል። የገባችው ቅጥሩ ስላላኖራት ነው።

አሁን ወደሚጠቅማችሁ ልምጣ። እኔን ያቆመኝ አንድ ነገር ቢኖር ገዢዬ ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ መጠየቄ ነው። መጀመሪያ እንጀራዬን የሚወስዱት ሁለት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ነበሩ። ሁለቱም የሚያበሉት የቀን ሠራተኞችን ነው። ግንባታው ሲቆም የእነሱ ገበታ ባዶ ሆነ፣ የእኔም ሰፌድ ሳይነካ ማደር ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሥራ በመጥፋቱ ነው እኔም ሌሎቹም ምጣድ የጣድነው፣ እንጀራችንን የምንሸጠውም ሥራ ለጠፋባቸው ሰዎች ነው። እንዲህ ያለ ነገር አያዛልቅም።

ስለዚህ ኪሳቸው በሌላ ጊዜ የሚሞላ ሰዎችን መፈለግ ጀመርኩ። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳት ከዓባይ በረሃ ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ ሲመጣ ይበላል፤ የእሱ ኪስ በከተማችን ግንባታ ላይ አይመሠረትም። እነሱ የሚያርፉበት አንድ ምግብ ቤት ሄጄ ናሙና ሰጠሁ። ቀጥሎ የመንግሥት ሠራተኞችን ያዝኩ። ደመወዛቸው ትንሽ ቢሆንም ወር ጠብቆ ይመጣል። ለእነሱ በደብተር እየጻፍኩ ወር ሲደርስ እቀበላለሁ። ዱቤው ግን ልክ አለው። ባለፈው ወር ያልከፈለ በዚህ ወር አይወስድም፣ ዘመድም ቢሆን።

ሦስተኛው የድግስ ሥራ ነው። ከጥር ጀምሮ ሠርግ አለ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል፣ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ተዝካርና ማኅበር ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። የእድር ሴቶች ድግስ ሲደርስ የሚያስታውሱት በሰዓቱ ያደረሰላቸውን ሰው ነው። ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በመጣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ በዛ። መንገድ ሲዘጋ ሾፌሩ የለም፣ ጋግሬ ያደርኩት ሁሉ እጄ ላይ ይቀራል። እንጀራ ደግሞ ይሻግታል። ሳይሻግት ቆራርጬ አደርቅና ድርቆሽ አደርገዋለሁ። ድርቆሽ ይቆያል። ልጅ ውጭ አገር ያላቸው ቤተሰቦች ይገዙታል፣ መንገደኛም ይወስደዋል። ዋጋው ከእንጀራው ይሻላል እንጂ አያንስም። አሁን መንገድ ክፍት በሆነበት ጊዜም ትንሽ ትንሽ እሠራለሁ።

ሌላው በአንድ ቤት ያለው ገቢ ሁሉ ከአንድ ምንጭ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። ባለቤቴ መምህር ነው። ደመወዙ ብቻውን ወር አያደርሰንም፣ ግን አይቀርም። እኔ ገበያ ሲቀዘቅዝ መሞከርና መጠበቅ የቻልኩት በዚያ ነው። ጎረቤቴ ግን ባሏ ባጃጅ ይነዳል፣ እሷ ለባጃጅ ሾፌሮች ቁርስ ትሸጥ ነበር። ነዳጅ የጠፋ ቀን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። «እታለም፣ ቁርሱን ለትምህርት ቤት ልጆችና ለመምህራን ብታደርጊውስ?» አልኳት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አምባሻና ሻይ ይዛ ወጣች። ባሏ ያላገኘበት ቀን እሷ ታገኛለች። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ በባሏ ይኖራሉ።

ብድርም ላይ ያው ነው። ወረት ስፈልግ በቡድን ዋስትና ተበደርኩ። በፊት አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ይባል የነበረው በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆኗል። የቡድን ዋስትና አሠራሩ ግን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው፤ አንዷ ካልከፈለች ሌሎቹ ይከፍላሉ። ቡድን ስትመሠርቱ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ሥራ ያላችሁ አትሁኑ። አምስት እንጀራ ጋጋሪ እርስ በርስ ዋስ ሆነው ቢበደሩ ጤፍ የተወደደ ለት አምስቱም አብረው ይወድቃሉ። በእኛ ቡድን አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፣ አንዷ ዶሮ ታረባለች፣ አንዷ ፀጉር ትሠራለች። አንዷ ስትቸገር ሌላዋ ደህና ናት።

ለጤፍ መግዣ ግን ከብድር ይልቅ እቁብ ይሻላል። ጤፍ የሚረክሰው አዝመራ ገብቶ ገበሬው ሲሸጥ፣ ጥርና የካቲት አካባቢ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እሳት ነው። ስለዚህ የእቁብ ዕጣዬ ጥር ላይ እንዲሆን እጣጣራለሁ። ቀድማ የወጣላት ካለች እንለዋወጣለን፣ ካልሆነም ዕጣ እገዛለሁ። ከዚያ እስከ ክረምት የሚያደርሰኝን ሠርገኛ ጤፍ በኩንታል ገዝቼ አስቀምጣለሁ። ክረምት ላይ በየሳምንቱ በኪሎ የምትገዛ ሴት ከእኔ ጋር በአንድ ዋጋ ሸጣ ልታተርፍ አትችልም። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ ልዩነቱ ያለው የሚገዛበት ወር ላይ መሆኑን እንድታዩ ነው።

ስለ ልጅም ሳልናገር አላልፍም። «ቤት ሆነሽ ልጅሽን እያየሽ ትሠሪያለሽ» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ተጥዶ ያልተነሳ ምጣድና ድክ ድክ የሚል ሕፃን በአንድ ክፍል ውስጥ አይሆኑም። የብዙ ቤት ልጅ በዚህ ተቃጥሏል። እኔ የምጋግረው ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተነስቼ፣ ልጁ ሳይነቃ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ልጁን ያበላል፣ ያለብሳል፣ ይዞት ይወጣል። መጀመሪያ ዘመድ «ወንድ ልጅ ምን ነካው» አለ። አሁን ለምደውታል። ይህ ካልተስተካከለ የሴት የግል ሥራ ማለት በቤት ሥራ ላይ የተጨመረ ሌላ ሥራ ማለት ነው። ባሎች ይህን ካነበባችሁ ለመርዳት ብላችሁ አታስቡት። ገቢው የቤቱ ነው፣ ሥራውም የቤቱ ይሁን።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የምትገዙ ደግሞ መስመሩን አስቀድማችሁ አስመርምሩ። አንድ ምጣድ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ኪሎዋት ይስባል። በቀጭን ሽቦ ላይ ሁለት ምጣድ ከጣዳችሁ ቤቱን ታቃጥላላችሁ። ባለሙያ ጠርታችሁ ወፍራም ገመድና የራሱ ማቋረጫ ያለው መስመር አስዘርጉ። ገንዘቡ ቆጭቶኝ አያውቅም።

ወንድሜስ? ግንባታው ትንሽ ሲነቃቃ ባጃጁን ለባለቤቱ መልሶ ወደ ግንበኝነቱ ሄደ። አላቅማማም። «አንቺስ አትመለሺም?» አለኝ። በዚያው ሰሞን አንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ተቀምጬ አሰላሁት። ከደመወዙ ላይ ለሞግዚት፣ ለትራንስፖርትና ለምሳ ስቀንስ የሚቀረው ደብተሬ ላይ ለራሴ ከምጽፈው የቀን ሒሳብ በታች ሆነ። «አያ፣ አንተ ስትመለስ ልጆችህን የምታይ ሚስት አለችህ» አልኩት። ዝም ብሎ አሰበና «ይኼን አላየሁትም» አለ። እሱ በቅን ልቡ ነው የጠየቀኝ። ሰውም ገበያ ሲሻሻል ሁሉም እኩል የሚመለስ ይመስለዋል።

ለወንዶችም ግን አንድ ነገር ልበል። ቅጥር ሲጠፋ ለጊዜው የምትገቡበት ሥራ ላይ ያላችሁን ሁሉ አታፍስሱ። ወንድሜ የሰው ባጃጅ መንዳቱ በጀው። ጓደኛው ግን አባቱ በሬ ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ ከብድር ጋር ቀላቅሎ ባጃጅ ገዛ። ሁሉም ባጃጅ በሚፈልግበት ሰሞን በውድ ገዝቶ፣ ሁሉም በሚሸጥበት ሰሞን በርካሽ ሸጠ። ሙያ ያለው ሰው ሙያው እስኪመለስ የሚያቆየውን ሥራ በኪራይ ቢይዝ ይሻላል። መሣሪያውንም አይሽጥ። የግንበኛ ቱንቢና ማንኪያ ዛሬ ሸጦ ነገ መግዛት ከባድ ነው።

ሴቶች ግን የሚመለሱበት ቅጥር ከሌለ «ለጊዜው» ብለው ባይጀምሩት ይሻላል። ለጊዜው ያለች ሴት ደብተር አትይዝም፣ ፈቃድ አታወጣም፣ ዋጋዋን ትጥላለች። እኔ የንግድ ፈቃድ ሳወጣ ግብር ፈርቼ ነበር። ግን ትልልቆቹ ምግብ ቤቶች ደረሰኝ ይጠይቃሉ። ያለ ፈቃድ ከእነሱ ጋር መሥራት አይቻልም ነበር።

አሁን ሁለት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ። በቀን እከፍላቸዋለሁ። አንዷ ከቤይሩት የተመለሰች ናት። እጇ ጥሩ ነው፣ ሒሳብም ይገባታል። ዘንድሮ የራሷን ልትጀምር ወስናለች። እዚሁ ሰፈር ብትጀምር ያው እርስ በርስ መሻማት ነው፣ እሷም ገብቷታል። የትውልድ አገሯ አማኑኤል ነው፣ ከዚህ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ። እናቷ እዚያ ስላሉ ልጇን ያዩላታል፣ ጤፉንም ከገበሬው በቀጥታ ታገኛለች። የምጣዱን፣ የጤፉንና የኪራዩን ወጪ ሠርተናል፣ የራሷንም የቀን ደመወዝ አስገብተናል። የቀረን አማኑኤል ያሉት ምግብ ቤቶች እንጀራ ይገዛሉ ወይስ ራሳቸው ያስጋግራሉ የሚለውን ማወቅ ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ናሙና ይዛ፣ በየበሩ ልትጠይቅ ትሄዳለች።